ቤትና መንገድ፤ ከእንጦጦ እስከ ላፍቶ የቤት ዋጋና የኑሮ ሚዛን

የአዲስ አበባ ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የቤተ መንግሥቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ፣ የጦሩና የገበያው ታሪክ ነው። ሕዝቡ ከአንድ ሥፍራ ተነሥቶ ወደ ሌላ ሥፍራ ሲሄድ ቤቱን በምን ሚዛን እንደ መዘነው፣ ምን ከፍሎ ምን እንዳገኘ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ጉዳይ ከእንጦጦ ተራራ ተነሥቶ በከተማው ደቡብ እስካለው እስከ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ድረስ ለመከታተል ይሞክራል። ዘመናቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። በዚህች ከተማ የአንድ ቤት እውነተኛ ዋጋ ከኪራዩ ወይም ከመግዣው ገንዘብ ጋር አንድ ሆኖ አያውቅም። እንጨቱ፣ ውኃው፣ መንገዱና ጎረቤቱ ሁልጊዜ የዋጋው ክፍሎች ነበሩ፤ ስለዚህም በገንዘብ ርካሽ የሆነው ቤት በሌላ በኩል ውድ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚህ ጋር ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሚዛኑን የያዘው ማን እንደ ሆነ ነው። በቤቱ የሚኖረው ሰው ራሱ ሲመዝንና ሌላው ሲመዝንለት የሚገኘው ውጤት እንዴት እንደሚለያይ ታሪኩ ያሳየናል።

1. ከተማው ራሱ ይጓዝ በነበረበት ዘመን

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን እስኪቈረቍሩ ድረስ ለብዙ ዘመን የነገሥታቱ መቀመጫ ድንኳን ነበረ። ንጉሡ ከነሠራዊቱና ከነቤተ ሰዎቹ በአንድ ሥፍራ ይሰፍርና የአካባቢው እህልና እንጨት ሲያልቅ፣ ወይም የጦርነት ጉዳይ ሲያስገድደው፣ ተነሥቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። ጎንደር ከተዳከመች በኋላም ይህ ልማድ ተመልሶ ታይቷል። በሸዋም ቢሆን ምኒልክ ገና ንጉሠ ሸዋ ሳሉ መቀመጫቸውን ከአንኮበር ወደ ልቼና ወደ ደብረ ብርሃን፣ በ1870ዎቹም ወደ እንጦጦ አዛውረዋል።

በዚያ ዘመን ቤት መሥራት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አልነበረም። ጎጆው የሚሠራው ከእንጨት፣ ከጭቃና ከሣር ስለ ሆነ ትቶት የሚሄደው ሰው የሚያጣው ነገር ትንሽ ነው። ክብደት የነበረው ቤቱ በየዕለቱ የሚበላው ነገር ነው። በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሠራዊትና አገልጋይ በአንድ ላይ ሲኖር፣ ለእንጀራው መጋገሪያ፣ ለወጡ ማብሰያ፣ ለሌሊቱ ብርድም መከላከያ የሚነደው እንጨት በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአካባቢውን ደን ይጨርሰዋል። ያን ጊዜ እንጨት ለቃሚው በየቀኑ ርቆ ይሄዳል፤ ርቀቱ ከሰውና ከአጋሰስ ጉልበት በላይ ሲሆን ከተማው ይነሣል። እንግዲህ በአባቶቻችን ዘመን የቤትን ውድነት የሚለካው ከቤቱ እስከ እንጨቱ ያለው መንገድ ነበረ ለማለት ይቻላል።

እንጦጦ ለጦር ጥበቃ የሚመች ሥፍራ ነበረ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለ ዙሪያውን አሻግሮ ለማየት ይመቻል። ለኑሮ ግን አስቸጋሪ ነበረ፤ ነፋሱና ብርዱ ብርቱ ነው፤ እህልና እንጨት ወደ ዳገቱ መውጣት አለበት፤ ውኃውም እንደ ልብ አይገኝም። ከተራራው ግርጌ ደግሞ ፍል ውኃ ነበረ፤ መኳንንቱና ወይዛዝርቱም ለመታጠብ እየወረዱ በዚያ ይሰነብቱ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ ወደ ሐረር በዘመቱበት ወራት፣ በኋላ እቴጌ የተባሉት ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል በፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ሥፍራውንም አዲስ አበባ አሉት።

በዚህ ድርጊት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። እንጦጦ የተመረጠው በጦር አለቃ ዓይን ነው። ፍል ውኃ ግን የተመረጠው ቤት በሚያስተዳድር ሰው ዓይን ነው፤ ሙቀቱ፣ ውኃው፣ የሜዳው ስፋትና የመሬቱ ልምላሜ ተመዝነው የተወሰነ ነገር ነው። የጦሩ ስጋት ሲቀልል የኑሮው ሚዛን አመዘነ። ዐፄ ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቢሆንም፣ ከተማው ከዚያ ወዲህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተጠቃሎ ወደ ሜዳው ወርዷል።

ይሁን እንጂ ሚዛኑ የሁሉንም ሰው ጉዳይ አልያዘም ነበር። ሥፍራው በኦሮሞዎች ዘንድ ፊንፊኔ ይባል ነበር፤ በዙሪያውም የጉለሌ፣ የገላን፣ የኤካና የሌሎችም ጎሳዎች እርሻና ግጦሽ ነበረ። ለመጪው አዲስ የሆነው አበባ ለነባሩ የቈየ መስኩ ነው። ከተማው በረባበትና በሰፋበት መጠን መስኩ ጠበበ፤ የዚህ ዋጋ በማን ላይ እንደ ወደቀ የሚያሳይ የሒሳብ መዝገብ ግን አልተያዘም። ይህ ነገር ከመቶ ዓመት በኋላ በላፍቶ ሜዳ ሲደገም እንመለከታለን።

2. ወደ አዲስ ዓለም ለመሄድ የተደረገው አሳብ

የዓድዋ ድል ከተገኘበት ከ1888 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ አገር መንግሥታት መልክተኞቻቸውን ወደ አዲስ አበባ ላኩ፤ ቦታም ተሰጥቷቸው ቤት መሥራት ጀመሩ። ነጋዴዎች፣ ግንበኞችና አናጢዎች መጡ። ከተማው በፍጥነት ሲያድግ የጥንቱ ችግር እንደ ገና ተነሣ፤ በዙሪያው የነበረው የጥድና የወይራ ደን አለቀ፤ እንጨት ለማምጣት የብዙ ሰዓት መንገድ መሄድ ግድ ሆነ።

ስለዚህ ዐፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው፣ እንጨትም በሚበዛበት ሥፍራ አዲስ መቀመጫ ማሠራት ጀመሩ፤ ስሙም አዲስ ዓለም ተባለ። በጥንቱ ልማድ ቢሆን ኖሮ ከተማው ጎጆውን ትቶ በተነሣ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን አልተነሣም። የቀረበትም ምክንያት ለያዝነው ጉዳይ ዋነኛ ምስክር ነው።

አንደኛው ምክንያት ቤቱ ራሱ ነው። ሌጋሲዮኖቹ፣ ነጋዴዎቹና ታላላቆቹ መኳንንት በድንጋይና በእንጨት ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ሠርተዋል። ጎጆ ይተዋል፤ የድንጋይ ቤት ግን ባለቤቱን ይይዛል። ሁለተኛው ምክንያት ባሕር ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ፣ ብዙዎች እንደሚሉት በፈረንሳዊው በሞንዶን ቪዳዬ ምክር፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶም ለቤት ሥራም የሚደርስ ሆኖ ተገኘ። ከተቈረጠም በኋላ ከጉቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ስለዚህ በየግቢው፣ በየኮረብታው ተተከለ። እንጨቱ ወደ ከተማው መጣ፤ ከተማውም በቦታው ቀረ። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ከአዲስ ዓለም የምንማረው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ሰው ካንድ ሥፍራ ወደ ሌላ ለመሄድ ሲያስብ ወደፊት የሚያገኘውን ትቶት ከሚሄደው ጋር የሚመዝን መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ችግሩ በመነሣት የሚፈታ መስሎ ሲታይ ባሉበት በመቅረትም ሊፈታ የሚችል መሆኑ ነው። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ከተማው መጓዙን አቆመ፤ መጓዝ የጀመረው በከተማው ውስጥ ያለው ሰው ነው።

3. መሬቱ ዋጋ ካወጣ በኋላ

ከተማው የረጋ መሆኑ ሲታወቅ መሬቱ ዋጋ አወጣ። መጀመሪያ ቦታው የተሰጠው በጦር ሰፈር ሥርዓት ነበረ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በመካከል፣ መኳንንቱ በዙሪያው በየተራራው፣ ወታደሩና አገልጋዩም በየጌታው ግርጌ ሰፈረ። እስከ ዛሬ ሰፈር የምንለው ቃል የዚህ ምስክር ነው። በ1900 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን የከተማው ቦታ በካርታ እየተያዘ እንዲሸጥ፣ እንዲለወጥና ለወራሽ እንዲተላለፍ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ቆርቆሮው፣ ምስማሩና ሌላው የቤት ዕቃ በብዛት ገባ። የሣሩ ክዳን ቀስ በቀስ ለቆርቆሮ ቦታውን ለቀቀ፤ ግድግዳው ግን በአብዛኛው እንጨትና ጭቃ ሆኖ ቀረ።

ከክፍለ አገር የሚመጣው ሰው፣ ከጎጃም ቢሆን ከወሎ፣ ከጉራጌ ቢሆን ከመንዝ፣ ቦታ የሚገዛበት ገንዘብ ስለማይኖረው ተከራይ ሆነ። ባለ ቦታው ከትልቁ ቤት ጀርባ በረድፍ ጭቃ ቤቶች እየሠራ ያከራያል። በዚህም ምክንያት የአዲስ አበባ ሰፈር ከሌሎች አገሮች ከተሞች የተለየ መልክ ያዘ፤ ባለ ጠጋውና ድኻው፣ ሹሙና ዘበኛው በአንድ አጥር አጠገብ ይኖሩ ነበር። ድኻው የሚከፍለው ኪራይ ለገቢው ከባድ ቢሆንም ሥራው፣ ገበያውና ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ በእግር የሚደረስ ነበር።

ሰውን በራሱ ሚዛን ሳይሆን በሌላው ሚዛን ከቦታው የማንሣት ሥራ በግልጽ የታየው በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው። ፋሽስቶች ከተማውን በዘር ለመለየት አቅደው የአገሩን ተወላጅ ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ፣ አዲስ ከተማ ወደተባለው ሥፍራ ወሰዱት። ገበያው በዚያ ሥር ሰድዶ ዛሬ መርካቶ የምንለው ሆነ። ሕዝቡ የተጫነበትን ነገር በጊዜ ብዛት የራሱ ሊያደርገው መቻሉ እውነት ነው፤ ይህ ግን ሥራው ያለ ፈቃዱ የተደረገበት መሆኑን አይሽርም።

ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ የመጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ቀረለት፤ ቤት ማከራየት ለግለሰብ ተከለከለ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የአነስተኞቹ ቤቶች ኪራይ ተቀነሰ፤ የአንዳንዶቹም እስከ ግማሽ ድረስ ወረደ።

ለተከራዩ ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን ኪራዩ እንደዚያ ዝቅ ብሎ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሲቈይ ሁለት ነገር አስከተለ። ከኪራዩ የሚገኘው ገንዘብ ቤቱን ለማደስ ስለማይበቃ ግድግዳው ዘመመ፣ ቆርቆሮው ዛገ፣ ሽንት ቤቱም ለብዙ ቤተ ሰብ አንድ ሆነ። ደግሞም የቀበሌ ቤት ያለው ሰው ቤቱን ከለቀቀ ያንን የመሰለ ኪራይ ሌላ ቦታ ስለማያገኝ ከሥፍራው አልተነሣም። ልጆቹ በዚያ ተወለዱ፤ ተዳሩም፤ የልጅ ልጅ ተጨምሮ በሁለት ክፍል ውስጥ ሦስት ትውልድ ኖረ። ስለዚህ በከተማው መካከል የቈየው የቀበሌ ቤት በሚዛኑ ላይ ሲቀመጥ የተለየ ነገር ነው፤ ቤቱ ክፉ ነው፣ ኪራዩ ኢምንት ነው፣ በዙሪያው ያለው ኑሮ ግን ሙሉ ነው።

4. ነፋስ ስልክና ላፍቶ

አሁን ወደ ደቡብ እንሻገር። ነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በዚህ ስሙ የተቋቋመው በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በ10 ክፍላተ ከተማ ስትደራጅ ነው። በስሙ ውስጥ ሁለት ታሪክ አለ። ነፋስ ስልክ አባቶቻችን ሽቦ ለሌለው ቴሌግራፍ የሰጡት ስም ነው፤ ቃሉ በነፋስ ይሄዳልና። ላፍቶ ደግሞ በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። እንግዲህ የሥልጣኔ መሣሪያና የመስክ ዛፍ በአንድ ስም ተጣምረዋል ማለት ነው። በምሥራቅ የደብረ ዘይት መንገድ፣ በምዕራብ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ያዋስኑታል፤ በመካከሉም ጎፋ፣ መካኒሳ፣ ለቡ፣ ጀሞ፣ ሐና ማርያምና ሌሎች ሰፈሮች አሉ። ሥፍራው ከእንጦጦ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ከሰሜኑ የከተማ ክፍል ይልቅ ይሞቃል።

በደብረ ዘይት መንገድ በኩል ፋብሪካዎች ተተክለው ስለ ነበር ሠራተኛው በአጠገባቸው ይከራይ ነበር። በምዕራቡ በኩል ግን ጀሞና ለቡ በቅርብ ጊዜ እንኳ የጤፍና የስንዴ ማሳ ነበሩ። ይህንን መልክ የለወጠው ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው የኮንዶሚኒየም ቤቶች ሥራ ነው። በዚያ ጊዜ ቤት ፈላጊ ሆኖ የተመዘገበው ሰው ከ450 ሺህ በላይ ነበር፤ ዕድሉ የሚወሰነውም በዕጣ ነው። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች የተለየ ስለ ነበር፣ ቀድሞ በስማቸው ምንም ያልነበራቸው ብዙ እናቶች የቤት ካርታ በስማቸው ለመያዝ በቅተዋል። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ንጹሕ ሽንት ቤት፣ የራስ የውኃ ቧንቧ፣ የራስ የመብራት ቈጣሪ፣ ዝናብ የማያስገባ ጣራ፤ ይህ ሁሉ በቀበሌ ቤት ለኖረ ሰው ቀላል ነገር አልነበረም።

የኮንዶሚኒየም ሥራ ግን ባዶ ሜዳ ያስፈልገው ነበር፤ ሜዳውም የሚገኘው በከተማው ዳር ነው። ከጀሞ እስከ ፒያሳ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የቤቱን ዋጋ ዝቅ ያደረገው የመሬቱ ርቀት ነበረ፤ ርቀቱን የሚከፍለው ግን በየቀኑ ታክሲ የሚጠብቀው ነዋሪ ሆነ። በዚህ ምክንያት አንድ እንግዳ የሚመስል ነገር ታየ። ዕጣ ከወጣላቸው ሰዎች ብዙዎቹ በቤታቸው አልገቡበትም፤ ለሌላ አከራይተው የባንክ ዕዳቸውን በኪራዩ እየከፈሉ ራሳቸው በመካከለኛው ከተማ በርካሽ ቤት ቀሩ። ይህን ከስግብግብነት የቈጠሩት አሉ። ከታሪኩ አንጻር ሲታይ ግን እነዚህ ሰዎች እንደ አዲስ ዓለም ዘመን ሰዎች ትተውት የሚሄዱትን ነገር መዝነው የወሰኑ ናቸው።

ስለ ጎረቤት ያለው ነገር ለሕዝብ ባህል ጥናት ይበልጥ ቅርብ ነው። ወደ አዲስ ቤት የሚሄድ እንግዳ «ቤት ለእንቦሳ» ብሎ ይገባል፤ ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። ምርቃቱ ቤቱን የሚመዝነው በሚይዘው ሕይወት ነው፤ ላም ወልዳ ጥጃ የሚታሰርበት፣ ወተት የማይጠፋበት ቤት ይሁን ማለት ነው። ዛሬ ይኸው ምርቃት በአራተኛ ፎቅ ላይ ይነገራል። ምርቃቱ ባይለወጥም ኑሮው ብዙ መላ ይጠይቃል፤ ጤፍ በጆንያ በደረጃ መሸከም አለበት፤ በርበሬ የሚሰጣበት ግቢ የለም፤ ለበዓል በግ የሚታረድበት ቦታ ይፈለጋል። የሥራው አቃጆች ይህን አስበው በሕንፃዎቹ መካከል ለማረጃ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ የሚያገለግል የጋራ ቤት እንዲሠራ አድርገዋል። የአገሩን ልማድ የሚያውቅ ሰው አሳብ መሆኑ ግልጽ ነው።

ለጋራ ቤት የማይበቃው ግን ዕድር ነው። ዕድር በየወሩ ከሚከፈለው መዋጮ በላይ የሰው መገኘት ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ አግዳሚ ወንበር የሚያመላልሰው፣ ንፍሮ የሚቀቅለው፣ አስከሬን የሚሸኘውና ከኀዘንተኛው ጋር የሚያድረው ጎረቤት ነው። በካዛንቺስ ወይም በልደታ የኖረ ቤተ ሰብ ወደ ዳር ሲወጣ መዋጮውን ከሩቅ ሊከፍል ይችላል፤ በሌሊት በእግሩ ለመድረስ ግን አይችልም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው ለዚህ ነው። አዲሱ ጎረቤት በጊዜ ብዛት ዕድር ማቋቋሙ አይቀርም፤ በየሕንፃው የተቋቋሙም አሉ። ሆኖም በዓርባ ዓመት የተገነባውን መተማመን በአንድ ዓመት ለመተካት አይቻልም። በዚያ መካከል ባለው ጊዜ የሚቸገሩት አሮጊቶችና ሽማግሌዎች፣ እንዲሁም በደጃቸው ጉልትና እንጀራ ሽጠው ይኖሩ የነበሩ ሴቶች ናቸው።

ዕጣ ያልወጣለት ወይም ያልተመዘገበ መጤ ሌላ መንገድ አለው። ከመስከረም 2009 ዓ.ም. ወዲህ የአዲሱ የጅቡቲ ምድር ባቡር ጣቢያ የሚገኘው በለቡ ነው፤ ስለዚህ ከድሬዳዋ በባቡር የሚመጣው መንገደኛ የሚወርደው በዚህ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ነው። ገንዘቡ አነስተኛ የሆነው መጤ ከነባሩ ገበሬ ላይ ቦታ ይገዛል፤ ወይም በሌሊት ተሠርታ ስላደረች ጨረቃ ቤት በምትባለው ውስጥ ይከራያል። ይህች ቤት ከሁሉ ርካሽ ናት፤ ነገር ግን ካርታ የላትም። በሰኔ 2008 ዓ.ም. በሐና ማርያም አካባቢ እንዲህ ያሉ ብዙ ቤቶች በክረምት መግቢያ ፈርሰው ነዋሪዎቹ ሜዳ ላይ ቀርተዋል። የቤቱ ርካሽነት የተከፈለው በመተማመኛ ማጣት ነበር ማለት ነው።

ከዚህም የከፋ ዋጋ የተከፈለበት ጊዜ አለ። በዚያው በደቡብ ምዕራብ የከተማ ክፍል፣ ቆሼ በሚባለው የቆሻሻ መጣያ ሥር፣ ቤት የሠሩና የተከራዩ ድኾች ነበሩ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። እነዚህ ሰዎች አደጋውን ሳያውቁት ቀርተው በዚያ የኖሩ አይመስልም፤ ከመጣያው ለቅመው በሚሸጡት ነገር ይተዳደሩ ስለ ነበር ሥራውና ቤቱ በአንድ ቦታ ነበሩ። ሚዛኑ በእጃቸው ቢሆንም በሌላው ወገን የሚያስቀምጡት ነገር አልነበራቸውም።

በመጨረሻም ነባሩ ገበሬ አለ። ጀሞ፣ ለቡና ፉሪ ሲሠሩ መሬቱን የለቀቀው እርሱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ የሚከፈለው ካሣ፣ ቀደም ባሉት 5 ዓመታት ያገኘው አማካይ የዓመት ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህንን ሽሮ የተሻለ ካሣ ደንግጓል። ነገሩን በጥሞና ለሚመለከት ሰው ግን ጥያቄው ይቀራል፤ ገበሬ መሬቱን የያዘው ለ10 ዓመት ሳይሆን ለልጅ ልጁ ነው። በፊንፊኔ መስክ ያልተያዘው ሒሳብ በላፍቶ ተያዘ፤ የተያዘበት መስፈሪያ ግን የገበሬውን ዘመን ሳይሆን የመዝገቡን ዘመን የሚለካ ነበር።

5. ሚዛኑን እንዴት እንያዝ

አሜሪካዊው ሊቅ ዊልያም አሎንሶ በ1956 ዓ.ም. ገደማ ባሳተመው ጥናት፣ የከተማ ሰው የመሬትን ዋጋ ከመንገድ ወጪ ጋር እያመዛዘነ መኖሪያውን ይመርጣል ሲል አስረድቷል፤ ወደ መካከል የቀረበ በኪራይ፣ የራቀ በመንገድ ይከፍላል። ይህ አሳብ ለአዲስ አበባም ይጠቅማል። ነገር ግን የአሎንሶ ሰው መኪና ያለውና የመረጠ ሰው ነው። የጀሞ ሰው በብዛት ያለ መኪና ነው፤ ዕጣውም ሰፈሩን አስመርጦ አልሰጠውም።

መንገዱን ለምሳሌ በሰዓት እንቍጠረው። አንድ ሠራተኛ ለመሄድ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለመመለስም እንደዚያው ቢፈጅበት በቀን ሦስት ሰዓት ነው። በሳምንት 6 ቀን ቢሠራ 18 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም የ8 ሰዓት የሥራ ቀን ብለን ብንወስደው ከሁለት ቀን ይበልጣል። ኪራይ የቀነሰለት ሰው በየሳምንቱ ሁለት ቀን በመንገድ ላይ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ከሆነ፣ ቤቱ ረከሰለት ለማለት ያስቸግራል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የተከፈተው ቀላል ባቡር በነፋስ ስልክና በሳሪስ በኩል እስከ ቃሊቲ ሲያልፍ፣ በዚያ መስመር ያለውን ሰው ረድቷል። በምዕራብ ያሉት ጀሞና ለቡ ግን ከሐዲዱ ርቀው ቀርተዋል። እንግዲህ በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ እንኳ አንድ ዓይነት ቤት ሁለት ዓይነት ዋጋ ሊኖረው ይችላል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1320 አውጥቷል። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲጸና፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህ ለተከራዩ ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ የተሰጠ ትልቅ ጥበቃ ነው። የ1967ቱ ታሪክ የሚያስታውሰን ግን፣ የኪራይን ዋጋ በሕግ መያዝ የሚዛኑን አንድ ወገን ብቻ መያዝ መሆኑን ነው። ቤቱ ካልታደሰ፣ አዲስ ቤት ካልተሠራ፣ መንገዱም ካላጠረ፣ በኪራይ የተገኘው እፎይታ በሌላ በኩል ተመልሶ ይከፈላል። በዚሁ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከሌሎች ነባር ሰፈሮች ብዙ ሕዝብ ወደ ከተማው ዳር ስለ ተዛወረ፣ ይህ ጉዳይ ያለፈ ዘመን ወሬ ሆኖ የሚቀር አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ እንዲህ ይመስለናል። ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃ የተደረገው ጉዞ ለተጓዦቹ የሰመረላቸው፣ የሚኖሩበት ሰዎች ራሳቸው ብርዱንና ውኃውን ቀምሰው ስለ መዘኑ ነው። ወደ አዲስ ዓለም ሊደረግ የነበረው ጉዞ የቀረው ባለ ቤቶቹ የሚተዉትን ስለ ቈጠሩ ነው። ሰው ያለ ሚዛኑ በተነሣበት ጊዜ ሁሉ ግን፣ ገበሬው ከመስኩ ቢሆን፣ የቀበሌ ተከራዩ ከሰፈሩ ቢሆን፣ ያልተቈጠረ ዕዳ በኋላ ይገኛል። ቤተ ሰብን ከሰፈሩ ለማንሣት የሚያስብ ባለ ሥልጣን፣ እንዲሁም ከባሕር ዳር ወይም ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ለመምጣት የሚያስብ ሰው፣ ከኪራዩ ጋር መንገዱን በሰዓት፣ ጎረቤቱን በሰው፣ መተማመኛውንም በዓመት ቢቈጥር ከብዙ ጸጸት ይድናል።

በዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተማሪዎቻችን በዚህ ረገድ ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ብዙ ነው። በጀሞና በመካኒሳ የሚኖሩ አረጋውያን ከየት ሰፈር እንደ መጡ፣ የቀድሞ ዕድራቸው ማን ይባል እንደ ነበር፣ አሁን ሲያዝኑ ማን እንደሚደርስላቸው ጠይቀው ቢጽፉ፣ በላፍቶና በፉሪም ገበሬ የነበሩ አባቶች ማሳቸው የት እንደ ነበረና ስሙን በቃላቸው ሳሉ ቢመዘግቡ፣ መዝገብ ቤት የማይገኘውን የሒሳቡን ሌላ ገጽ ያተርፉልናል። ግራሩ ተቈርጦ ስሙ ብቻ በታክሲ ላይ ሲጠራ ቀርቷል፤ የሰዎቹ ነገር ግን ገና ከሚናገሩት አፍ ሊገኝ ይችላል።